በዘር የሚወረስ የፕሮቲን እጥረት የሚያስከትለው የሳንባ ሕመም፦ ምንነቱ፣ ምርመራውና ሕክምናው

እ.አ.አ. በ1963 በደቡብ ስዊድን፣ በማልሞ ከተማ፣ ካርል-ቤርቲል ላውሬል የተባሉ የላቦራቶሪ ተመራማሪ ከበሽተኞች የተወሰዱ የደም ናሙናዎችን ሲመረምሩ አንድ ያልተለመደ ነገር አስተዋሉ። በምርመራው ዘዴ መሠረት በደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ ኃይል እየተለያዩ በተርታ መሥመሮች ይታያሉ። ከ1,500 ያህል ናሙናዎች መካከል በአምስቱ ላይ ግን ሁልጊዜ ሊታይ ከሚገባው መሥመር አንዱ ጎድሎ ነበር። ላውሬልና የሥራ ባልደረባቸው ስቴን ኤሪክሰን የአምስቱን ሰዎች የጤና ታሪክ ሲከታተሉ፣ ሦስቱ ኤምፊዚማ በተባለው ሳንባን በሚያፈርስ ሕመም፣ ያውም ለሕመሙ ባልተለመደ ወጣት ዕድሜ ተይዘው አገኟቸው።

ከደማቸው የጎደለው ፕሮቲን አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን ይባላል። እጥረቱ በዘር የሚወረስ ሲሆን በአንድ የደም ናሙና ሊታወቅ ይችላል። ሆኖም ግኝቱ ከተመዘገበ ከስድሳ ዓመታት በኋላም ቢሆን፣ እጥረቱ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ስለራሳቸው አያውቁም። ብዙዎቹ “አስም ነው”፣ “ብሮንካይት ነው”፣ “ሲጋራው ያመጣው ነው” እየተባሉ ዓመታትን ያሳልፋሉ። የፈረሰ የሳንባ ክፍል ደግሞ ተመልሶ አይሠራም። ስለዚህ በዚህ ሕመም ዘግይቶ ማወቅ የሚያስከፍለው ዋጋ ከፍተኛ ነው።

ፕሮቲኑ በሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል?

አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን በዋነኛነት የሚሠራው በጉበት ውስጥ ነው። ከጉበት ወደ ደም ይገባል፤ በደም ተጉዞ ሳንባ ይደርሳል። ስሙን ያገኘው ትሪፕሲን የተባለውን የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ሲገታ በመታየቱ ነው። ዋና ሥራው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ሳንባን ኒውትሮፊል ኢላስቴዝ ከተባለ ኢንዛይም መጠበቅ ነው።

ኒውትሮፊሎች ተላላፊ ተሕዋስያንን የሚዋጉ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ጀርም ወይም ጭስ ወደ ሳንባ ሲገባ በብዛት ወደ ስፍራው ይተማሉ፤ ከሚለቋቸው የመዋጊያ ኬሚካሎችም አንዱ ኢላስቴዝ ነው። ይህ ኢንዛይም ባክቴሪያን ያጠፋል፤ ያልተገታ እንደሆነ ግን የሳንባን ሥጋ ራሱን ይበላል። ነገሩ እንደ ምድጃ እሳት ነው። በምድጃው ውስጥ እስካለ ድረስ ያበስላል፤ ከምድጃው ሲወጣ ግን ቤቱን ያቃጥላል። አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን ያንን እሳት በወሰኑ ውስጥ የሚያቆይ ጠባቂ ነው።

ጠባቂው ሲጎድል ኢላስቴዝ ለሳንባ የመለጠጥና የመመለስ ችሎታ የሚሰጠውን ኢላስቲን የተባለ ጅማታዊ ፕሮቲን ያጠፋል። ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፍባቸው ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ግድግዳቸው ይፈርስና እርስ በርስ ተቀላቅለው ሰፋፊ ባዶ ክፍተቶች ይሆናሉ። ኤምፊዚማ ማለት ይህ ነው። ሳንባው አየር ይይዛል እንጂ አየሩን በወጉ ማስወጣት አይችልም፤ ኦክስጅን የሚያስተላልፍበት ስፋትም ይቀንሳል።

ጉድለቱ ከየት ይመጣል?

ፕሮቲኑን ለመሥራት የሚያስፈልገውን መመሪያ የያዘው ዘረመል በአሥራ አራተኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ትክክለኛው ዓይነት በሕክምና ቋንቋ “ኤም” ይባላል። ከመቶ በላይ የተለወጡ ዓይነቶች የተመዘገቡ ቢሆንም ከሕመም ጋር በተያያዘ በብዛት የሚነሱት “ኤስ” እና “ዜድ” ናቸው። ከሁለቱ ይበልጥ አስከፊው ዜድ ነው።

በዜድ ዓይነት የተፈጠረው ለውጥ ከመጠኑ አንጻር እጅግ ትንሽ ነው። ፕሮቲኑ 394 አሚኖ አሲዶች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ሲሆን፣ የተለወጠው በ342ኛው ቦታ ያለው አንዱ ብቻ ነው። ይህ አንድ ለውጥ ግን የፕሮቲኑን አተጣጠፍ ያዛባል። በትክክል ያልታጠፉት ፕሮቲኖች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ እርስ በርሳቸው እየተሰካኩ በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ይከማቻሉ። በመሆኑም ከአንድ ጉድለት ሁለት ጉዳት ይመነጫል፤ ወደ ሳንባ የሚደርሰው ፕሮቲን በማነሱ ሳንባ ያለ ጠባቂ ይቀራል፣ ሊወጣ ያልቻለው ፕሮቲን ደግሞ ጉበትን ይጎዳል።

ከእነዚህ በተለየ፣ ፕሮቲኑን ጨርሶ የማያሠሩ ብርቅ የዘረመል ዓይነቶችም አሉ። እነዚህን ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ሰው በጉበቱ የሚከማች ነገር ስለሌለ የጉበት ሕመም አይገጥመውም፤ የሳንባ አደጋው ግን ከሁሉ የከፋ ነው።

እንዴት ይወረሳል?

እያንዳንዱ ሰው የዚህን ዘረመል ሁለት ቅጂዎች ይወርሳል፤ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ። ሁለቱም ቅጂዎች ትክክለኛ ከሆኑ የፕሮቲኑ መጠን የተሟላ ይሆናል። አንድ ኤም እና አንድ ዜድ የያዘ ሰው ተሸካሚ ይባላል፤ በደሙ ያለው የፕሮቲን መጠን ከመደበኛው 60 በመቶ አካባቢ ነው። ሁለት ዜድ የወረሰ ሰው ግን መጠኑ ከመደበኛው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከባድ እጥረት የሚባለው ይህ ነው።

እናትና አባት ሁለቱም ተሸካሚዎች ከሆኑ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሁለቱንም ዜድ የመውረስ ዕድሉ 25 በመቶ ነው። እንደ ወላጆቹ ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ 50 በመቶ፣ ከጉድለቱ ነጻ የመሆን ዕድሉ ደግሞ 25 በመቶ ነው። ስለዚህ ሁለት ጤነኛ የሚመስሉ ወላጆች ከባድ እጥረት ያለበት ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ። አንድ ሰው እጥረቱ እንዳለበት ሲረጋገጥም፣ ከማንም በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ወንድሞቹና እኅቶቹ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ማኅበራዊ ጉዳይ ይነሳል። “የዘር በሽታ” የሚለው ስም በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ያሳፍራል፤ ትዳር ያሰናክላል ተብሎም ይደበቃል። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” የሚለው የአበው ብሂል በዚህ ሕመም ላይ ቃል በቃል ይሠራል። አንዱ ወንድም ዝም ሲል፣ ሌላው ሳያውቅ ሲጋራ እያጨሰ ሳንባውን ሊያጣ ይችላልና። በሌላ በኩል ዘረመል የማንም ጥፋት አይደለም፤ ወላጅ ምን እንደሚያወርስ አይመርጥም።

ሲጋራ ለምን የከፋ ጠላት ሆነ?

ሁለት ዜድ የወረሱ ሰዎች ሁሉ አይታመሙም። ጨርሶ አጭሰው ከማያውቁት መካከል ብዙዎች ያለ ከባድ ምልክት እስከ እርጅና ይደርሳሉ። የሚያጨሱት ግን ብዙውን ጊዜ በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ የዕድሜ ክልል የትንፋሽ ማጠር ይጀምራቸዋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ፣ የትንባሆ ጭስ ኒውትሮፊሎችን ወደ ሳንባ ስለሚጠራ የኢላስቴዝን መጠን ያበዛል። ሁለተኛ፣ በጭሱ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች የቀረውን ጥቂት ፕሮቲን መሥራት እንዳይችል ያደርጉታል። አጥቂው ሲበዛ ጠባቂው ደግሞ ይታሰራል ማለት ነው። አንድ ቅጂ ብቻ የያዙ ተሸካሚዎችም ቢሆኑ ሲጋራ ካጨሱ ለሳንባ ሕመም ያላቸው ተጋላጭነት ይጨምራል። የሺሻ ጭስ፣ የሥራ ቦታ አቧራና ጋዝ፣ በተዘጋ ኩሽና ውስጥ የሚጨስ እንጨትና ከሰልም ሳንባን ይጎዳሉ።

ምልክቶቹ

የሳንባው ሕመም ምልክቶች ከሌሎች የመተንፈሻ አካል ሕመሞች ምልክቶች የተለዩ አይደሉም፤ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። ዋና ዋናዎቹ፦

• ደረጃ ሲወጡ ወይም ሲፈጥኑ የሚሰማና ቀስ በቀስ የሚብስ የትንፋሽ ማጠር፣
• የማይለቅ ሳል፣ አንዳንዴም አክታ፣
• በሚተነፍሱበት ጊዜ የሚሰማ የደረት ሲር ሲር ማለት፣
• እየተመላለሰ የሚይዝ ብሮንካይት ወይም የሳንባ ምች፣
• ለአስም የሚሰጠው መድኃኒት ተገቢውን ለውጥ አለማምጣቱ ናቸው።

ጉበትን በተመለከተ፣ እጥረቱ ያለባቸው አንዳንድ ሕፃናት ከተወለዱ በኋላ የዓይናቸውና የቆዳቸው ቢጫነት ለሳምንታት ይቆያል። እ.አ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በስዊድን 200,000 ያህል አራስ ሕፃናት ለዚህ እጥረት ተመርምረው ነበር። ሁለት ዜድ ከተገኘባቸው መካከል ከአሥሩ በአንዱ ያህል እንዲህ ያለ የተራዘመ ቢጫነት ታይቷል። አብዛኞቹ ልጆች አገግመው ያድጋሉ፤ በጥቂቶቹ ግን ጉበቱ ክፉኛ ይጎዳል። በጎልማሶች ዘንድ የጉበት ጠባሳ፣ ማለትም ሲሮሲስ፣ እንዲሁም የጉበት ካንሰር ሊከተል ይችላል። ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ላይ የሚወጣ የሚያም እብጠትም አልፎ አልፎ ይታያል።

ማን ይመርመር? ምርመራውስ ምንድን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ. በ1997 ባወጣው ምክር፣ ሥር በሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ ሕመም፣ ማለትም በሲኦፒዲ የተያዙ ሰዎች በሙሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለዚህ እጥረት እንዲመረመሩ አሳስቧል። ምክሩ ለወጣቶች ወይም ለማያጨሱ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በተጨማሪም ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት ሕመም ያለባቸውና እጥረቱ የተገኘበት ሰው የቅርብ ዘመዶች ሊመረመሩ ይገባል።

የመጀመሪያው እርምጃ በደም ውስጥ ያለውን የፕሮቲን መጠን መለካት ነው። ይህ ፕሮቲን ሰውነት ሲቆጣ ወይም ኢንፌክሽን ሲኖር መጠኑ ይጨምራል። ስለዚህ ሰውየው ታሞ ሳለ የተወሰደ ናሙና እጥረቱን ሊሸፍነው ይችላል። መጠኑ ዝቅተኛ ሆኖ ከተገኘ የትኞቹ የዘረመል ዓይነቶች እንደተወረሱ በደም ወይም ከጉንጭ ውስጥ በሚወሰድ ናሙና ይጣራል።

የሳንባው ጉዳት መጠን በሌሎች ምርመራዎች ይለካል። በስፓይሮሜትሪ አንድ ሰው በኃይል ሲተነፍስ በመጀመሪያው ሰከንድ ምን ያህል አየር እንደሚያስወጣ ይታወቃል። ሲቲ ስካን የፈረሰውን ክፍል ያሳያል። በሲጋራ ብቻ የሚመጣ ኤምፊዚማ ብዙውን ጊዜ የሳንባን የላይኛውን ክፍል ሲያጠቃ፣ በዚህ እጥረት የሚመጣው ግን በታችኛው ክፍል ይበረታል። የጉበትም ሁኔታ በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ክትትል ይደረግለታል።

ሕክምናው

ሕክምናው የሚጀምረው ሲጋራን ፈጽሞ በመተው ነው። ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም የሚሰጥ መድኃኒት የለም። ማቆም ለከበደው ሰው የኒኮቲን መተኪያ፣ በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒትና የምክር አገልግሎት ይረዱታል።

ቀጥሎ የሚሰጠው ለሌሎች የሲኦፒዲ ሕሙማን የሚሰጠው ሕክምና ነው። የአየር ቧንቧን የሚከፍቱ በአፍ የሚሳቡ መድኃኒቶች፣ እንደ ሁኔታው የሚሳብ ስቴሮይድ፣ ኢንፌክሽን ሲከሰት ፈጣን ሕክምና፣ የደም ኦክስጅን ከቀነሰም ተጨማሪ ኦክስጅን ይታዘዛሉ። በባለሙያ የሚመራ የአካል እንቅስቃሴና የአተነፋፈስ ሥልጠና የሕሙማንን የመራመድ አቅምና የዕለት ኑሮ እንደሚያሻሽል ተረጋግጧል። የኢንፍሉዌንዛ፣ የኒሞኮከስና የኮቪድ ክትባቶች ሳንባን ይጠብቃሉ፤ የሄፓታይተስ ኤ እና ቢ ክትባቶች ደግሞ ጉበትን። አልኮልን መተው ወይም መቀነስም ይመከራል።

የጎደለውን ፕሮቲን መተካት

ለዚህ እጥረት ብቻ ተብሎ የሚሰጠው ሕክምና ከደም ለጋሾች ፕላዝማ የተጣራውን ፕሮቲን በደም ሥር መስጠት ነው። የዩናይትድ ስቴትስ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለመጀመሪያ ጊዜ የፈቀደው እ.አ.አ. በ1987 ነበር። ፕሮቲኑ በደም ውስጥ በጥቂት ቀናት ስለሚያልቅ ሕክምናው በየሳምንቱ ይሰጣል። የተለመደው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 60 ሚሊግራም ነው፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በየሳምንቱ 4,200 ሚሊግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ውጤቱን በሚዛኑ ማየት ይገባል። እ.አ.አ. በ2015 የታተመውና 180 ሕሙማንን ለሁለት ዓመት የተከታተለው ጥናት የሳንባን ጥግግት በሲቲ ስካን ለክቷል። ፕሮቲኑን ባገኙት ላይ ጥግግቱ በዓመት በሊትር 1.45 ግራም ሲቀንስ፣ ባላገኙት ላይ 2.19 ግራም ቀንሷል። የመፍረሱ ፍጥነት በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። በአተነፋፈስ መለኪያዎች ላይ ግን ግልጽ ልዩነት አልታየም። ሕክምናው የፈረሰውን አይመልስም፣ የቀረው ቶሎ እንዳይፈርስ ያዘገያል እንጂ። ጥቅሙ ቀድሞ በተጀመረ ቁጥር የሚበልጠውም ለዚህ ነው።

ሕክምናው የሚሰጠው ከባድ እጥረትና ኤምፊዚማ ላለባቸው፣ ለማያጨሱ ወይም ማጨስ ላቆሙ ሰዎች ነው። ለጉበት ሕመም አይጠቅምም፤ አንድ ቅጂ ብቻ ለያዙ ተሸካሚዎችም አይመከርም። ዋጋው እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ አገሮች የተለያየ አቋም ይዘዋል። በዩናይትድ ስቴትስና በጀርመን መስፈርቱን ለሚያሟሉ ሕሙማን ሲሰጥ፣ የብሪታንያ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ግን በመደበኛነት አያቀርበውም።

ሳንባው እጅግ ለተጎዳ ሰው የሳንባ ንቅለ ተከላ የመጨረሻ አማራጭ ሊሆን ይችላል። ጉበቱ ከጥቅም ውጭ ለሆነበት ደግሞ የጉበት ንቅለ ተከላ ይደረጋል። አዲሱ ጉበት ትክክለኛውን ፕሮቲን ስለሚሠራ እጥረቱ ራሱ ይወገዳል።

በሙከራ ላይ ያሉ ሕክምናዎች

ተመራማሪዎች የሕመሙን ሥር ለማግኘት በተለያየ መንገድ እየሠሩ ነው። አንዱ መንገድ ጉበት የተበላሸውን ፕሮቲን እንዳይሠራ ማድረግ ነው፤ እ.አ.አ. በ2022 የታተመ አነስተኛ ጥናት በዚህ ዘዴ በጉበት ውስጥ የተከማቸው ፕሮቲን እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህ ጉበትን ሊጠቅም ይችላል፤ ለሳንባ ግን ፕሮቲን አይጨምርም። ሌላው መንገድ የተሳሳተውን የዘረመል ፊደል በራሱ በጉበት ሕዋስ ውስጥ ማረም ነው። እ.አ.አ. በ2025 ይፋ የሆኑ የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ውጤቶች በጥቂት ሰዎች ላይ ትክክለኛ ፕሮቲን መመረት መጀመሩን አመልክተዋል። እነዚህ ገና በጥናት ላይ ያሉ ናቸው። “ፈውስ ተገኝቷል” ብሎ የሚሸጥ ማንኛውም ነገር ከሐኪም ጋር ሳይመከርበት ሊወሰድ አይገባም።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ምን ትርጉም አለው?

የዜድ ዓይነት በብዛት የሚገኘው በሰሜን አውሮፓ ሕዝቦችና ከዚያ በወጡ ዘሮች ዘንድ ነው። በአፍሪካ ብርቅ ነው። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ትንፋሽ ቢያጥረው ሐኪሙ በቅድሚያ የሚያስበው አስምን፣ የሳንባ ነቀርሳን ወይም ነቀርሳው ትቶት የሄደውን ጠባሳ፣ ለዓመታት የተሳበ የኩሽና ጭስን፣ ሲጋራንና የልብ ሕመምን ሊሆን ይችላል፤ ይህም ተገቢ ነው።

ሆኖም ጉዳዩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከአውሮፓውያንና ከአሜሪካውያን ጋር ቤተሰብ የመሠረቱ ብዙ ወገኖች አሉ። ልጆቻቸው የሁለቱንም ወላጆች ዘረመል ይወርሳሉና በአንደኛው ወገን የታወቀ እጥረት ካለ ስለ ልጆቹ ምርመራ ሐኪም ማማከር ይገባል። በተጨማሪም በውጭ አገር በነርስነትና በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ የተሰማሩ ወገኖች የዚህን ሕመም ስም በሕሙማን መዝገብ ላይ ያገኙታል። ከቤት ሆነው በምራቅ የሚመረመሩ የዘረመል መመርመሪያዎችም ይህን እጥረት ከሚጠቁሟቸው ነገሮች መካከል ያካትታሉ። እንዲህ ያለው ውጤት መነሻ እንጂ ማረጋገጫ ስላልሆነ በሐኪም ዘንድ እንደገና መጣራት አለበት።

በዩናይትድ ስቴትስ የሚኖሩ አንባቢዎች አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማቸዋል። እ.አ.አ. በ2008 የወጣው የፌዴራል ሕግ የጤና መድን ድርጅቶችና ቀጣሪዎች በዘረመል መረጃ ምክንያት አድልዎ እንዳያደርጉ ይከለክላል። ሕጉ የሕይወት መድንን ግን አይሸፍንም።

ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ

ትንፋሽዎ እያጠረ ከሄደ፣ ለአስም የሚወስዱት መድኃኒት ካልረዳዎ፣ ወይም ከቤተሰብዎ መካከል በወጣትነቱ በሳንባ ወይም በጉበት ሕመም የተጎዳ ሰው ካለ፣ ለሐኪምዎ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ማቅረብ ይችላሉ፦

• ስፓይሮሜትሪ ተደርጎልኛል? ውጤቱስ ምን ያሳያል?
• ለአልፋ-1 አንቲትሪፕሲን እጥረት ተመርምሬ አውቃለሁ? ካልሆነ መመርመር ይገባኛል?
• ናሙናው የተወሰደው ኢንፌክሽን ይዞኝ ሳለ ነበር?
• እጥረቱ ከተገኘብኝ ወንድሞቼ፣ እኅቶቼና ልጆቼ የት ሊመረመሩ ይችላሉ?
• የጉበቴ ሁኔታ በየስንት ጊዜው መታየት አለበት?

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ዕውቀት የተዘጋጀ ስለሆነ የሐኪምን ምርመራና ምክር አይተካም። በድንገት የሚብስ የትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር መጥቆር፣ የደረት ሕመም ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከታየብዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በአፋጣኝ ወደ ሕክምና ተቋም ይሂዱ።